ጋቢው ስር ያለው እጅ

እኔ ተጠራጣሪ ሴት ነኝ። መካነ ሰላም ውስጥ ሲስተር ከድጃ ሲባል ሥጋ ቤት ገብታ ሚዛኑን ሁለቴ የምታስመዝነው፣ መድኃኒት ሲመጣ ካርቶኑ ላይ ያለውን ቀን ሳታነብ የማትፈርመው ማለት ነው። በአዋላጅ ነርስነት ሠላሳ ስምንት ዓመት ስሠራ ይህ ጠባዬ ከብዙ ሰው ጋር አጣልቶኛል። ጡረታ ስወጣ ባልደረቦቼ ካባ ደርበውልኝ ነበር፤ «ስፌቱን ገልብጣ አየችው» እያሉ እስከ ዛሬ ይስቁብኛል። አይቻለሁ፣ አልክድም። አንዱ ጠርዝ ተተርትሮ ነበር።

እንዲህ ሆኜም በሕይወቴ ሁለት ጊዜ ጥርጣሬዬን አልሰማሁትም። በመጀመሪያው አንዲት እናት ሞታብኛለች። ሁለተኛው የመጣው ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ነው፤ ተማሪዎች ዓይናቸው ላይ መነፅር አጥልቀው ማዋለድ ይማራሉ የተባለ ጊዜ። የዚህኛውን ጉዳይ በደንብ ለመናገር ግን ከደጎሎ መጀመር አለብኝ፤ እጄ ሥራ የለመደው እዚያ ነው።

ደጎሎ ጤና ጣቢያ ስመደብ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። አለቃዬ እትዬ አበበች አጭር፣ ሻሻቸውን ግንባራቸው ድረስ የሚያስሩ፣ የወንድ ሰዓት አድርገው መልኩን ወደ አንጓቸው ውስጥ የሚያዞሩ ሴት ነበሩ። ማዋለጃ ክፍሉ ውስጥ አንድ ማንቆርቆሪያ ሙቅ ውሃ አይጠፋም፤ ሥራው እጅ ማሞቅ ብቻ ነው። «ቀዝቃዛ እጅ ከነካት ሆዷን ትቋጥርብሻለች፤ ከዚያ በኋላ ሆዷ ምንም አይነግርሽም» ይሉኝ ነበር።

ልጁ ተወልዶ፣ እትብቱ ተቆርጦ፣ እንግዴ ልጁ ከወጣ በኋላ ሰው ሁሉ ወደ ሕፃኑ ይዞራል። እትዬ አበበች ወደ እናቲቱ ይዞራሉ። አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ ብለው ጓንት ያጠለቀ ግራ እጃቸውን በጋቢዋ ስር አስገብተው ሆዷ ላይ ያሳርፉታል። ማህፀኑን እንደ ትርንጎ ጠንክሮ ካላገኙት ያሹታል። ቀኝ እጃቸውን ደግሞ በወገቧ ስር አሹልከው እስከ መቀመጫዋ ይወስዱታል። ደም ወደ ታች ነው የሚሄደው፤ ከላይ ቆሞ የሚያይ ሰው አያገኘውም፣ ጋቢውና ፍራሹ ይጠጡታል። ከዚያ እጃቸውን አውጥተው መዳፋቸውን ያያሉ። በየሩብ ሰዓቱ እንዲህ ነው።

ጋቢውን ግን አይገልጡትም። አንደኛ ብርዱ ነው። ሁለተኛ አማቷ፣ እህቷ፣ ጎረቤቷ ሲወጡ ሲገቡ ገላዋ ተገልጦ ከምትታይ ሞቷን የምትመርጥ ሴት ናት የተኛችው። ስለዚህ እትዬ አበበች እጃቸው ከታች ሲሠራ ዓይናቸውን ከሴትዮዋ ፊት ሳያነሱ ስለ ገብሱ፣ ስለ በግ ዋጋ ያወራሉ። በሩ ላይ የቆመ ሰው ሁለት ሴቶች ሲጫወቱ ነው የሚያየው። እኔም አንድ ወር ሙሉ እንደዚያ ነበር የመሰለኝ።

አንድ ቀን ተራው የኔ ሆኖ ከወለደች ሴት ዘንድ ወጣሁ። «እንዴት ናት?» አሉኝ። «ጠይቄያታለሁ፣ ደህና ነኝ ብላለች» አልኳቸው።

«እሱንማ ለጎረቤትም ትለዋለች» አሉኝ። «ተመለሺና እጅሽን አስገቢ። ከዚያ መጥተሽ ንገሪኝ።»

አራት ዓመት አብሬያቸው ሠርቼ ወደ አጅባር ተዛወርኩ። ደብዳቤው ቀድሞ ደረሰ፣ ደመወዙ ከሦስት ወር በኋላ ተከተለ፤ የዚያን ጊዜ የሠራ ሰው ይህን ያውቀዋል። አጅባር ላይ ብቻዬን ነበርኩ። የገበያ ቀን ሰው ከየገጠሩ ይጎርፋል፤ እህል ሊሸጥ የመጣው ሁሉ በዚያው ልጁን ያሳክማል። በአንድ የገበያ ቀን ዘሀራ የምትባል ሴት አራተኛ ልጇን ያለ ምንም ችግር ወለደችልኝ። በረንዳው ላይ ሠላሳ ሰው ተሰልፎ ይጠብቀኛል። ዘሀራን ጋቢ አልብሼ ወደ ሰልፉ ወጣሁ።

ሦስት ጊዜ በበሩ ብቅ ብዬ «እንዴት ነሽ?» ብያታለሁ። ሦስቱንም ጊዜ «አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ» አለችኝ። በሦስተኛው «አንቺስ፣ ዛሬ አልደከመሽም ወይ?» ብላ እኔኑ ጠየቀችኝ፣ ከዚያ «ትንሽ በረደኝ» አለች። የሆነ ነገር ከነከነኝ። አስታውሳለሁ፣ በሩ ላይ ቆም ብዬ ነበር። ከበረንዳው አንዱ ሲጠራኝ ተጨማሪ ብርድ ልብስ ደረብኩላትና ሄድኩ። ደሟ እየፈሰሰ እኔ አለበስኳት። ስመለስ ከንፈሯ ነጭ ሆኗል፤ ጋቢውን ስገልጠው ፍራሹ ርሶ ወደ መሬት ይንጠባጠባል። መኪና ሳይደርስ አለፈች።

ባሏ ሬሳዋን ሲወስድ አመሰገነኝ። «የለፋሽውን አላህ ይቁጠርልሽ» አለኝ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ከዚያ በኋላ እኔ ያዋለድኳት ሴት ሁሉ፣ ማሻም ስሠራ፣ መካነ ሰላም ሆስፒታልም ስሠራ፣ እጄ በየሩብ ሰዓቱ ጋቢዋ ስር ነው። እትዬ አበበች እንዳደረጉት ዓይኔን ፊቷ ላይ አድርጌ፣ ስለ ልጆቿ እየጠየቅሁ። ከዘሀራ በኋላ በደም መፍሰስ አንድም ሴት አልሞተችብኝም።

ጡረታ በወጣሁ በጥቂት ወሩ ዮናስ የሚባል የኮምፒዩተር ባለሙያ ቤቴ ድረስ መጣ። መነፅሩን ይዘው ከአዲስ አበባ ከመጡት ሰዎች አንዱ ነው። ትሑት ልጅ ነው፤ ግን «ማዘር» ይለኛል፣ ማዘር መባል ደግሞ አልወድም። ነገሩን አስረዳኝ። መነፅሩን ያጠለቀ ሰው የቆመበትን ክፍል፣ አልጋውን፣ የገዛ እጁን ያያል፤ በዚያ ላይ መነፅሩ የሌለ ነገር ይጨምርለታል። አልጋው ላይ የተኛችው የመለማመጃ አሻንጉሊት ፊት ታወጣለች፣ ትተነፍሳለች፣ ታወራለች። ከጀርባው ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሉት ነገር አለ፤ ግድግዳው ላይ በተተከለ ካሜራ ተማሪው የሚያደርገውን እያየ ከአንዲት ጎበዝ አዋላጅ ሥራ ጋር ያስተያየውና ነጥብ ይሰጣል።

«ጎበዟ አዋላጅ ማናት?» አልኩት።

«እርስዎ ነዎት እንጂ ማዘር» አለኝ። ደስ አለኝ። ደስ ማለቴም አስጠረጠረኝ።

«እጄን ቀድታችሁ ስትጨርሱ እኔን ምን ልታደርጉኝ ነው?» ስለው «ጡረታ ወጥተዋል እኮ» አለኝ። አልተቀየምኩም ብል እዋሻለሁ። ለማንኛውም ሄድኩ፤ ቤት መቀመጡ አታክቶኝ ነበር።

ቀረጻው ሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ በአንድ ክፍል ነው። ስገባ አሻንጉሊቷ እግሯን ከፍታ ራቁቷን ተኝታለች፣ ዙሪያዋን አራት ጎረምሶች ቆመዋል። ጋቢ አምጡ አልኩ። «ማዘር፣ አሻንጉሊት እኮ ናት» አለኝ ዮናስ። «አንተ ባታፍር እኔ አፍራለሁ» አልኩት። ጋቢ መጣ፣ አለበስኳት፣ መነፅሩን አጥልቄ ሥራዬን ሠራሁ። ለሁለት ሳምንት እየደጋገምን ተቀረጽን። አንዳንዴ ደህና ሴት ይሰጡኛል፣ አንዳንዴ ከስሯ ቀይ ውሃ እየለቀቁ የምትደማ። የምትደማውን አንድም ጊዜ አልሳትኳትም።

አንድ ነገር አስተካክያለሁ። መነፅሩ ውስጥ ያለችው ሴት መጀመሪያ ላይ «ከታች ብዙ ደም እየፈሰሰኝ ነው፣ አዞረኝ» ትል ነበር፣ በጠራ የአዲስ አበባ አማርኛ። በሠላሳ ስምንት ዓመት እንዲህ ያለችኝ እናት የለችም። የእኛ አገር ሴት፣ ሙስሊም ትሁን ክርስቲያን፣ ቀድማ የአንቺን ደህንነት ነው የምትጠይቀው። ይህን ነገርኩት፣ ጻፈው፣ በሳምንቱ ሴትዮዋ «አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ፣ እናንተስ?» የምትል ሆና መጣች። አጨበጨብኩ ማለት ይቻላል። ከዚያ ወዲያ መጠርጠሬን ላላ አደረግሁት።

ሰባት ተማሪዎች የኔን ቀረጻ በመነፅሩ ውስጥ እያዩ ሠልጥነው ተፈተኑ። ስድስቱን ማሽኑ አሳለፈ፣ ራህመት የምትባለውን ጣላት። ተማሪ ወደ ሥራ ሲሄድ ከማሽኑ ነጥብ በተጨማሪ የነባር አዋላጅ ፊርማ ያስፈልጋል፤ ወረቀቱን ለኔ አመጡት። ድሮ አሥር እናት በፊቴ ያላዋለደ ተማሪ ፊርማዬን አያገኝም ነበር። አሁን የመነፅሩ ልምምድ እንደ እናት ይቆጠራል ተባለ። ብዕሩን ይዤ ቆየሁ፤ አንድ ነገር ከነከነኝ። ግን መድኃኒቱን በቃላቸው ያውቃሉ፣ ጤና ጣቢያዎቹ ሰው ይጠብቃሉ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ በማሽኑ ውስጥ ያለው እጅ የኔ ነው። እሱን መጠርጠር ራሴን መጠርጠር ሆነብኝ። ስድስቱንም ፈረምኩ።

በሦስተኛው ሳምንት ጠዋት ራህመት ቤቴ መጣች። ይህቺ ልጅ ጅዳ ሰባት ዓመት ሰው ቤት ሠርታ ባመጣችው ገንዘብ ነው አዋላጅነት የተማረችው። ጡረታ ልወጣ አካባቢ ዎርድ ውስጥ ከኔ ጋር ሠርታለች፤ እጇን አውቀዋለሁ፣ ጥሩ እጅ ነው። አላለቀሰችም። «ሲስተር፣ ወንድሜ ቪዛዬን ሊያስጨርስልኝ ነው። ልሰናበትዎት ነው የመጣሁት» አለችኝ።

«ምን አድርገሽ ነው የወደቅሽው?»

«እርስዎ ያሳዩኝን ነው ያደረግሁት። ወላሂ ሌላ አላደረግሁም።»

ንድድ አልኩ። ነጠላዬን አንስቼ እሷን አስከትዬ ወደዚያ ክፍል ሄድኩ። ዮናስን «የዚህችን ልጅ ፈተና አሳየኝ» አልኩት። በልቤ ዘመድ ለማሳለፍ ያደረጉት ነገር አለ ብዬ ጨርሻለሁ። ስክሪኑ ላይ ከፈተልኝ። ራህመት ጋቢ የለበሰችው አሻንጉሊት አጠገብ ቁጭ ብላለች፤ እጇን በጋቢው ስር አስገባች፣ አውጥታ መዳፏን አየች። ባስገባችው ቁጥር ስክሪኑ ላይ ቀይ ምልክት ይበራል። ምንድነው አልኩት። «ያለ ምክንያት እጅ ከእይታ መሰወር። ነጥብ ያስቀንሳል» አለኝ።

«ምን የማይረባ ነገር ነው የምታስተምሩት? ዋናው ሥራ እኮ እሱ ነው» አልኩት፤ ድምፄ ከፍ ብሏል።

ዮናስ አልተቆጣም። «ማዘር፣ ማሽኑ የተማረው ከእርስዎ ነው» አለና የኔን ቀረጻ ከፈተው።

አየሁት። አንዲት አሮጊት ወደ አልጋ ጎንበስ ብላለች። እጆቿ ከአንጓቸው ጀምሮ የሉም፣ ጋቢ ስር ናቸው። አንዱ ወጥቶ ተመልሶ ይገባል፤ መዳፏ ወደ ራሷ ዞሯል፣ ካሜራው የሚያየው የእጇን ጀርባ ነው። ዓይኗ የአሻንጉሊቷ ፊት ላይ ነው፣ ታወራለች፣ ትስቃለች። ከዚያ ድንገት ደም አለ ብላ ትነሳለች። በዚያው ቅጽበት መነፅሩ ያሳያት የሴትዮዋ ፊት ገርጥቷል። እጄ ምን እንዳገኘ ማሽኑ አላየም፤ የማያየውን እጅ ደግሞ ሥራ እንደፈታ ነው የሚቆጥረው። ያየው ፊቷን ነው። ስለዚህ አዋላጅ ማለት አጠገቧ ቁጭ ብላ ፊቷን እያየች የምታጫውታት ናት ብሎ ተምሯል። ስድስቱንም ያንን አስተምሯቸዋል። በእውነተኛ ሴት ላይ ፊት እስኪገረጣ ከጠበቅሽ ምን እንደሚተርፍሽ አጅባር ላይ አይቼዋለሁ።

ራህመት ወንበር አቀረበችልኝ። ጋቢውን ያስመጣሁት እኔ ነኝ። አላፍርም ብል ኖሮ፣ ወይም ቢያንስ «እዚህ ስር ይህን እየሠራሁ ነው» ብዬ ብናገር ኖሮ። የሚናገር አዋላጅ ግን አላውቅም፤ ለተማሪም የምናስተምረው እጇን ይዘን ነው እንጂ በአፍ አይደለም።

«ስድስቱ የት ናቸው?» አልኩ። ሁለቱ ደጎሎ፣ ሁለቱ አጅባር፣ አንዱ እዚሁ ሆስፒታል። አምስቱም ነባር አዋላጅ አጠገብ ናቸው፤ ቶሎ ብሎ የሚያርማቸው አለ። ስድስተኛዋ ሰብለ ናት፣ ከሁሉም ከፍተኛ ነጥብ ያገኘችው። እሷ ከማሻ አለፍ ብሎ ያለ ጤና ጣቢያ ነው የተመደበችው፤ ባልደረባዋ የወሊድ ፈቃድ ወጥታ ብቻዋን ናት።

ደወልኩላት። ሦስት ጊዜ ማግኘት አይቻልም አለኝ። በአራተኛው ጠራ።

«ሲስተር፣ ደህና አደሩ?» አለችኝ በደስታ።

«ደህና ነኝ። የት ነሽ አሁን?»

«ማዋለጃ ክፍል። አንዲት እናት ወልዳ፣ ግማሽ ሰዓት ቢሆናት ነው። ሰላም ናት፣ አጠገቧ ቁጭ ብዬ እየተጫወትን ነው።»

«ሰላም ናት ያለሽ ማነው?»

«ራሷ ናት። ፊቷም ደህና ነው፣ ዓይኔን አላነሳሁም።»

«ምን ለብሳለች?»

«ሁለት ጋቢ። የዚህን አገር ብርድ ያውቁት የለ።»

ስልኩን በሁለት እጄ ያዝኩት። ድምፄን ግን አለሳለስኩ፤ አዋላጅ ከደነገጠች እናቲቱ ትደነግጣለች። «የኔ ልጅ፣ ስልኩን ሳትዘጊ አልጋው ላይ አስቀምጪው። ጓንት አጥልቂ። ግራ እጅሽን በጋቢው ስር ሆዷ ላይ አድርጊ። ቀኙን በወገቧ ስር አሹልከሽ እስከ መቀመጫዋ ውሰጂው። ከዚያ አውጥተሽ መዳፍሽን እዪና ንገሪኝ።»

ለምን ብላ አልጠየቀችኝም። ስልኩ ሲቀመጥ ይሰማኛል፣ ጓንቱ ሲሳብ ይሰማኛል። ቀጥሎ የሴትዮዋ ድምፅ መጣ፣ ለስላሳ፣ የደከመው። «ምነው የኔ ልጅ፣ እኔ ደህና ነኝ እኮ። ይልቅ አንቺ ከነጋ እህል ቀምሰሻል?»

ዮናስና ራህመት ቆመው ያዩኛል።

«ሲስተር፣ እስከ አንጓዬ ደም ነው» አለች ሰብለ።

«ማህፀኗስ?»

«ለስላሳ ነው። አላገኘውም።»

«ታገኚዋለሽ። ወደ ታች ተጫኚና እሺው፣ አታቁሚ። ዘበኛውን በስሙ ጥሪው፣ ማህፀን የሚያጠነክረውን መርፌ ከሳጥኑ አውጥቶ ያቀብልሽ። አብሽሪ፣ እዚሁ ነኝ።»

ሳልነግራት ራህመት በራሷ ስልክ ከማሻ አምቡላንስ እየጠራች ነበር። ስንት ደቂቃ እንደሆነ አላውቅም፤ እኔ «እሺው» እላለሁ፣ እሷ «እሺ» ትላለች። አንድ ጊዜ ሰብለ ማልቀስ ጀመረች፤ እያለቀሽ እሺው አልኳት። መርፌው ተሰጠ። በመጨረሻ «ጠነከረ» አለችኝ። «ሲስተር፣ እጄ ውስጥ ገባ፣ ጠነከረ።» አምቡላንሱ ሲደርስ ሴትዮዋ ነቅታ ትናገር ነበር። ሆስፒታል ገባች፣ ደም ተሰጣት፣ ተርፋለች።

የዚያኑ ቀን ጋቢውን ከአሻንጉሊቷ ላይ አነሳሁት። መነፅሩን አጥልቄ፣ ጎረምሶቹ እንደቆሙ፣ እጄ የሚሄድበትን ሁሉ በአፌ እየተናገርኩ እንደገና ተቀረጽኩ። ጆሮዬ ድረስ ፊቴ ጋለ። ዮናስ ጎንበስ ብሎ ይሠራ ነበር፤ ይመስለኛል ለኔ ብሎ ነው ያላየኝ። የቀድሞው ቀረጻ ወደ ሌሎች ከተሞችም ተልኳል፣ አዲሱን እልካለሁ አለኝ። ስንት ከተማ እንደሆነ ጠየቅሁት። አጣርቼ እነግርዎታለሁ አለ፤ እስካሁን አልነገረኝም፣ እኔም በየሳምንቱ እየሄድኩ እጠይቀዋለሁ። የራህመት ውጤት እንደገና ይታይ ብዬ ደብዳቤ አስገብቻለሁ። መልሱ እስኪመጣ ቪዛውን አቆይልኝ ብላዋለች ወንድሟን።

ያን ዕለት አሥር ሰዓት ገደማ ሰብለ ደወለች። ድምፅዋ ተረጋግቷል፤ ሴትዮዋን አድርሳ፣ ክፍሉን አጥባ፣ ቁጭ ብላ ነው።

«ሲስተር፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት፤ እንዳይቀየሙኝ» አለችኝ።

«ጠይቂኝ።»

«መነፅሩ ውስጥ እርስዎን ስንትና ስንት ጊዜ አይቼዎታለሁ። ፊትዎ ሳይቀር አብሮኝ ነው የሚሄደው። ይህን ግን አንድም ቀን ሲያደርጉት አላየሁም።»

«አንድም ቀን ሳላደርገው ቀርቼ አላውቅም» አልኳት። «ሰው እንዳያይብኝ ደብቄው ነው።»